ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ስለ ማንበብ

ስም ይዞ የሚመጣ ነገር ሁሉ ታሪክም ይዞ ይመጣል። እኛ ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ስሙን እንጠራለን እንጂ ታሪኩን አንጠይቅም። አንድ ጓደኛችን የተመረቀ ዕለት ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ አንድ ጠርሙስ ተከፈተ። ቡሹ ጣራውን መታ፤ አረፋው ደብተር ላይ ፈሰሰ፤ ሁላችንም «ሻምፓኝ!» ብለን ጮኽን። ከመካከላችን አንዱ የመንዝ ልጅ ግን ጠርሙሱን አገላብጦ አየና «ቆይ እስቲ፣ ሻምፓኝ የሚል የቱ ጋ ነው?» አለ። እውነትም የለም። ጠርሙሱ «ፕሮሴኮ» ይላል፤ «ስፑማንቴ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ «ኤክስትራ ድራይ» ይላል፤ አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው ጠባብ ወረቀት ተለጥፎበታል። ይህ ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ ተነሣ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? የጠላ ቤት ልጅ ለሆነ ሰው ምሥጢር የለውም። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንዱ አልኮል፣ ሌላው ካርቦን ዳይ ኦክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ጋኑ ክፍት ከሆነ አየሩ ይሄዳል። ገና ያልበረደ ጠላ በጀሪካን አጥብቆ ዘግቶ መኪና ላይ የጫነ ሰው ግን ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። ኢጣሊያኖቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በልክ ማድረጋቸው ነው። አንድ ጊዜ የፈላውን ወይን ጠጅ ስኳርና እርሾ ጨምረው በተዘጋ ዕቃ ሁለተኛ ያፈሉታል፤ አየሩም መውጫ አጥቶ ከመጠጡ ጋር ይዋሐዳል። አረፋው ብዙ፣ ግፊቱ ብርቱ የሆነውን «ስፑማንቴ»፣ ለስላሳውን «ፍሪዛንቴ» ይሉታል።

ሁለተኛው መፍላት በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው እዚያው በየጠርሙሱ ውስጥ ነው። ፈረንሳዮች በሻምፓኝ አገር ያደረጁት ይኸው ነው፤ ካርሎ ጋንቻ የተባለ ኢጣሊያዊ ሙያውን እዚያ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1865 በፒየሞንቴ አገር ካኔሊ ላይ የመጀመሪያውን የኢጣሊያ ስፑማንቴ ሠራ። ሁለተኛው በትልቅ የተዘጋ በርሜል ነው። ይህን ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ የተባለ የአስቲ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1895 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ፈረንሳዊው ሻርማ ደግሞ በ1907 አሻሻለው። ፕሮሴኮ በብዛት የሚሠራው በበርሜሉ መንገድ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ፍራንቻኮርታ የሚባለው ግን በጠርሙስ ውስጥ ከነእርሾው ቢያንስ 18 ወር መቆየት አለበት።

እነዚህን ዓመቶች ስንጽፍ የእኛ ታሪክ ጎን ለጎን ሲቆም አየን። ጋንቻ አረፋውን በጠርሙስ ባሰረበት ዓመት፣ በእኛ 1857 ዓ.ም፣ ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጦ ወደ አባቶቹ አገር ወደ ሸዋ ተመለሰ። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ ከተነሣው ከነጋሢ የሚመዘዝ ነው። ማርቲኖቲ የበርሜሉን መብት ባወጣበት ዓመት መጨረሻ፣ በኅዳር 1888 ዓ.ም፣ የኢጣሊያ ጦር አምባላጌ ላይ ተመታ። በሦስተኛው ወር ዓድዋ ሆነ።

ኢጣሊያኖች ወደ ሸዋ የመጡት ግን በመድፍ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1876 የጂኦግራፊ ማኅበራቸው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪን ልኮ ነበር። ምኒልክም ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። አንቲኖሪ ወፍና እንስሳ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ። ከሳይንቲስቱ በኋላ የጎላው ዲፕሎማቱ አንቶኔሊ ነው፤ ከአንቶኔሊ ጋር ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የውጫሌ ውል ተፈረመ። የውሉን 17ኛ አንቀጽ የማያውቅ ተማሪ የለም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት ቢረዱ ይቻላቸዋል ሲል፣ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ግሥ፤ መዘዙ ጦርነት። እንግዲህ ኢጣሊያንኛ የተጻፈበትን ነገር ሳያነቡ አለመቀበል እኛ ዘንድ የቆየ ትምህርት ነው፤ ጠርሙስም ቢሆን።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1963 የወይን ጠጅ ስም ሕግ አወጣች። ዲኦቺ የሚሉት ማዕረግ ወይኑ የበቀለበት ወረዳ፣ የወይኑ ዘርና የአሠራሩ ደንብ ተጽፎ የሚጠበቅበት ነው። ከእሱ በላይ ዲኦቺጂ አለ፤ ደንቡ ይጠብቃል፣ ጠርሙሱም ከመሸጡ በፊት በቀማሾች ፊት ይቀርባል። አስቲ በ1993፣ ፍራንቻኮርታ በ1995 እዚህ ማዕረግ ደረሱ። አንገቱ ላይ ያየነው ጠባብ ወረቀት የመንግሥት ማተሚያ ቤት ያተመው ነው፤ በቁጥሩ ጠርሙሱ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። «ኤክስትራ ድራይ» የሚለው ግን አታሎናል። በጣም ደረቅ ማለት መስሎን ነበር፤ ለካ «ብሩት» ከሚባለው ይልቅ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ብሩት በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር ሲኖረው፣ ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17 ግራም አለው።

የፕሮሴኮ ስም ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ፖለቲካ ነው። ፕሮሴኮ በትሪየስቴ አጠገብ ያለች መንደር ስም ናት፤ የወይኑም ዘር በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የዘር ስም ከሆነ ማንም አገር ተክሎ ሊጠራበት ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘሩን «ግሌራ» አሉትና ፕሮሴኮ የቦታ ስም ብቻ እንዲሆን ደነገጉ፤ የወረዳውንም ወሰን መንደሪቱን እንዲያካትት አሰፉት። ስም ሀብት መሆኑን የተረዳ ሕዝብ ካርታውን እስከ መለጠጥ ይደርሳል።

ታዲያ የእኛ መጠጥ ማዕረግ የለውም እንዴ? አለው እንጂ! ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ የፈረንጁን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ስንል መለኪያው ጠጅ ነው። ጠጅ ከማር፣ ከውሃና ከጌሾ የሚጣል ሲሆን በድሮው ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ተራው ሰው እንደ ልቡ አይጥለውም። ማሩን በግብር የሚያገባው ገበሬ ግን ራሱ ጠላ ይጠጣ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የመጠጥ ማዕረጋችን ማን ሠራው ወይም ከየት መጣ የሚል አልነበረም፤ ማን ይጠጣው የሚል ነበር።

የመንዝ ደጋ የገብስ አገር ነው። ገብሱ ብቅልም አሻሮም ሆኖ በወይራ በታጠነ ጋን ይጠመቃል፤ ከጉሹ እስከ ቅራሪው ደረጃ ደረጃ አለው። አረቄም ቢሆን ተራና ዳግም ይባላል፤ ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል፤ የወጣው እንደ ገና ሲወጣ ዳግም ይሆናል። የመሸጫውም ምልክት በእንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ ናት። ይህን ሁሉ ሙያ የያዙት ሴቶች ናቸው። ከእኛም መካከል የደብተሩ ገንዘብ በእናቱ አረቄ የተከፈለለት አለ፤ ጢሱ ዓይኗን እያቃጠላት ማለት ነው።

ግን ያቺ እናት የሠራችው አረቄ ከደጅዋ ሲወጣ ስሟም፣ አገሯም፣ ልኩም ይጠፋል። ነጋዴው ውሃ ቢጨምርበት ጠያቂ የለም፤ ሌላ ነገር ቢቀላቅልበትም ስሙ የሚጠፋው የእሷ ነው። ጉዳዩ ቀማሽና አረፋ አይደለም፤ የደከመው ሰው ድካሙ በስሙ ይጠራለት ወይስ አይጠራለት የሚል ነው።

አይቻልም የሚል ካለ ሁለት ነገር እናስታውሰው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተከራክራ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ሁለተኛው ምስክር ከዚያው ከመንዝ ነው። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በደንብ ከፍተው ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሏል። ጣሊያኖቹ ደንብ ብለው በወረቀት ያሰፈሩት ይኸው አይደለም? ወሰን፣ ሕግ፣ ጠባቂ፣ ቅጣት። ለሣር የተቻለ ለገብስ አይቻልም?

ጠርሙሱን አልጣልነውም። ያ የመንዝ ልጅ አጥቦት ወደ አገሩ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ሲመለስ እናቱ ያወጣችው ዳግም አረቄ ሞልቶበት ነበር። የጣሊያኑን ወረቀት ፍቆ በእስክርቢቶ የእናቱን ስምና የቀበሌዋን ስም ጽፎ ለጥፎበታል። ሳንጠጣ በፊት ሁላችንም አነበብነው።