ጀርሙ ጉሮሮ ላይ፣ መርዙ ልብ ላይ፦ የዲፍቴሪያ ታሪክ

ውድ ወላጆች፣ «ልጄ ሁለቱን ዙር ተከትቧል፤ ሦስተኛው ቢቀርስ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ዛሬ መልሱን በታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዲፍቴሪያ ጉሮሮ ላይ ግራጫ ሽፋን እየሠራ የልጆችን ትንፋሽ የሚዘጋ በሽታ ነው። በ1884 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሎፍለር ባክቴሪያውን ለይቶ ማሳደግ ቻለ። ነገር ግን አንድ ነገር ግራ አጋባው። በሞቱት እንስሳት ላይ ባክቴሪያው የተገኘው በተወጉበት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ የተጎዱት ግን ሩቅ ያሉ የውስጥ አካላትም ነበሩ። ስለዚህ ባክቴሪያው መርዝ ሳይለቅ አይቀርም ብሎ ጠረጠረ።

በ1888 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ኤሚል ሩ እና አሌክሳንደር የርሲን ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ በሸክላ ማጣሪያ አጣሩት። የተጣራው ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ አልነበረም፤ የተወጉት እንስሳት ግን ሞቱ። ገዳዩ ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚለቀው መርዝ ነበር። ይህ መርዝ ፕሮቲን መሆኑን ዛሬ እናውቃለን።

ሁሉም የዲፍቴሪያ ባክቴሪያ ግን መርዝ አያመርትም። ለምን? በ1951 አሜሪካዊው ቪክተር ፍሪማን መርዝ የማያመርቱ ባክቴሪያዎች በአንድ ዓይነት ቫይረስ ሲጠቁ መርዛማ እንደሚሆኑ አሳየ። የመርዙ ጂን የሚገኘው ቫይረሱ ውስጥ መሆኑም በኋላ ተረጋገጠ። አዎ፣ ባክቴሪያም በቫይረስ ይያዛል!

መርዙ እንዴት ይወጣል? ጂኑ ፕሮቲኑን ሲያሠራ መነሻው ላይ አጭር ምልክት ያስቀምጥለታል፤ ልክ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ። የባክቴሪያው በር ምልክቱን አይቶ ያሳልፈዋል፤ ሲወጣም ምልክቱ ይቆረጣል። የዚህን በር ጂኖች ለማወቅ በሌላ ባክቴሪያ፣ በኢ. ኮላይ፣ ላይ ብዙ የሠራው የሃርቫርዱ ጆን ቤክዊዝ ነው።

የወጣው መርዝ በደም ተጉዞ ልብንና ነርቭን ያገኛል፤ ሴል ውስጥ ገብቶም ፕሮቲን መሥራትን ያስቆማል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የወጣውን መርዝ ግን አይመልስም። በ1890 ቤህሪንግ እና ኪታሳቶ መንገዱን የከፈቱለት የመርዝ ማርከሻም የሚሠራው ገና ሴል ውስጥ ባልገባው መርዝ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ በሽታ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ጋስቶን ራሞን መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አደከመው፤ ጉዳት አያደርስም፣ ሰውነትን ግን ያስተምራል። ዛሬም ልጆቻችሁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በሚወስዱት ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ያለው ይኸው ነው።

አንድ ዙር ብቻውን በቂ መከላከያ አይሰጥም፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ያጠነክራል። ስለዚህ መልሴ፦ ሦስተኛው አይቅር። ቀኑ ካለፈም ዛሬውኑ ውሰዱት፤ ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግም። ከክትባት በኋላ የሚመጣ ቀላል ትኩሳት ቀጣዩን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

ልጃችሁ ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ካያችሁ፣ አንገቱ ካበጠ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገረ ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ። ጤና ይብዛላችሁ!