«ስቲምፓንክ»ን ምን እንበለው?

ሰሞኑን አንድ ወጣት የአጭር ልብወለድ ጸሐፊ «ስቲምፓንክ እየጻፍኩ ነው» ብሎ ረቂቁን ሰጠኝ። ሮቦት አለ፣ መንኮራኩር አለ፤ እንፋሎት («ስቲም») ግን ለመድኃኒት ቢፈለግ የለም። ቃሉን አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብሊው. ጄተር እ.ኤ.አ. በ1987 ለ«ሎከስ» መጽሔት በላከው ደብዳቤ የፈጠረው እንደ ቀልድ ነው። ያኔ «ሳይበርፓንክ» የተባለው የሳይንሳዊ ልብወለድ ዘውግ ገንኖ ስለነበር፣ «ሳይበር»ን በ«ስቲም» ተክቶ ለራሱና ለካሊፎርኒያ ወዳጆቹ ለቲም ፓወርስና ለጄምስ ብሌይሎክ ስም አወጣላቸው። ሄንሪ ሜይሂው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ለንደን ድሆች የጻፈው መጽሐፍ አንዱ ምንጫቸው ነበር። ስለዚህ የዘውጉ መለያ ሮቦት ሳይሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰል፣ ጭስና ናስ ነው። «ፓንክ» ደግሞ ዱርዬን ሲጠራ ኖሮ የአመፀኛ ሙዚቃ መጠሪያ ሆነ፤ እዚህ ግን ቅጥያ ብቻ ነው። «የእንፋሎት ዱርዬ» ብንለው ያስቃል እንጂ አያስረዳም። አማርኛ ለእንፋሎት ባዳ አይደለም፦ «ባቡር» ራሱ በዐረብኛ በኩል ከአውሮፓውያኑ «ቫፖር» የመጣ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባውን በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫም ሰዉ ባስመጣው ነጋዴ ስም «ሰርኪስ ባቡር» ብሎታል። እኔ «የእንፋሎት ዘመን ምናብ» እላለሁ፤ ሲያጥር «እንፋሎታዊ ልብወለድ»። «ሳይንሳዊ ልብወለድ»ን የለመደ ጆሮ ይህንንም አይገፋም።