ሰውነት ቀድሞ ሲያውቅ፤ ስለ ወለተ ጴጥሮስ ገድል አንድ ምልከታ

ገድላትን በምናስተምርበት ክፍል አንድ አባባል ከዓመት ዓመት ይደጋገማል፤ ጻድቅ ማለት ሥጋውን ንቆ ለነፍሱ ያደረ ነው የሚል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። የወለተ ጴጥሮስን ገድል ደጋግሜ ሳነብ ግን አባባሉ ከመጽሐፉ ጋር የማይገጥምበት ቦታ እየበዛብኝ መጣ። በዚህ ገድል ሴቲቱ ሕይወቷ በሚለወጥበት ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ሰውነቷ ነው፤ ቃሏ የሚከተለው ዘግይቶ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ የኖረችው ከ1592 እስከ 1642 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ዘመኑም ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ የተቀበለበት፣ በ1632 ደግሞ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ያወጀበት የመከራ ዘመን ነው። ገድሏን በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በግእዝ ጻፈው። ካረፈች ገና 30 ዓመት ነበርና በዓይናቸው ያዩዋት ሰዎች አልጠፉም። ትረካው ከብዙዎቹ ገድላት ይልቅ ለኑሮ የቀረበው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱ። ገድሉ እንደሚለው ነፍሰ ጡር ሳለች፣ የሚወለደው ልጅ እግዚአብሔርን ደስ የማያሰኝ ከሆነ ፈጥኖ እንዲወስደው ትለምን ነበር፤ ልመናዋም ተሰማ። ጸሐፊው ይህን የቅድስና ምልክት አድርጎ ያልፈዋል። እኔ ማለፍ ያቅተኛል። ሦስት ጊዜ አርግዞ፣ ሦስት ጊዜ አራስ ሆኖ፣ ጡት ወተት እንደያዘ ልጅን መቅበር ምን እንደሆነ መነኩሴው አልጻፈም፤ ከየትስ ያውቀዋል? ልመናው ምናልባት ከሐዘኑ በኋላ ለሐዘኑ የተሰጠ ትርጉም ይሆናል። ይህ ግን የእኔ ግምት እንጂ የገድሉ ቃል አይደለም። የገድሉ ቅደም ተከተል ግን ግልጽ ነው፤ ዓለምን ለመተው የቆረጠችው ከልጆቹ ሞት በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ ከቤቷ ኮብልላ ጠጉሯን ተላጨች። ባሏ ጦር ይዞ ተከተላት፤ በእሷ ሳቢያ የአገሩ ሰው ስለተጎዳ ተመለሰች።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1617 ንጉሡን በመቃወም በተነሣው ጦርነት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ በዚህ ሞት እጁ እንዳለበት ስትሰማ ወለተ ጴጥሮስ አልጮኸችም፤ ከመምህራንም ጋር አልተከራከረችም። ከእርሱ ጋር መተኛት ተወች። የሚጥም ምግብ ተወች። መኳኳልና መሽቀርቀር ተወች። የተቃውሞዋ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተጻፈው በምኝታና በመሶብ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወይዘሮ ልጅ፣ የባለሟል ሚስት፣ በጊዜው በገዛ ሥልጣኗ ሥር የነበረው ግዛት ሰውነቷ ብቻ ነበርና።

የእናቶቻችን አነጋገር ይህን ጉዳይ ከእኛ ሒስ ይልቅ አጥርቶ ያውቀዋል። «ሆዴ አልተቀበለውም»፣ «ሰውነቴ እንቢ አለኝ» ስትል አንዲት ሴት ስለ ሕመም ብቻ አይደለም የምትናገረው፤ ምክንያቱን ገና ሳታገኝለት ስለደረሰችበት ዕውቀት ነው። የግእዙ «ሥጋ» ሁልጊዜ «ነፍስ» የምትባል ተፎካካሪ አለችው። የአማርኛው «ሰውነት» ግን አካልንም ሰው መሆንንም በአንድ ቃል ይዟል። ገድሉን በአማርኛ ስናስብ ከምናተርፋቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይሞግቱኛል፤ ጾሙስ፣ ስግደቱስ፣ ሰውነቷን በተጋድሎ ያደከመችውስ? እውነታቸውን ነው፤ ገድሉ በዚህ የተሞላ ነው። ሆኖም የኋለኛውን የምንኩስና ሥርዓት ወደ ኋላ ወስደን ምግብ እንቢ ባላት ሚስት ላይ ስንጭነው የሚጠፋ ነገር አለ። መነኩሲት ስትጾም የምትከተለው የተጻፈ ሕግ አላት። ያቺ ሚስት ግን ምን እየሆነች እንደነበረ የሚነግራት መጽሐፍ አልነበራትም።

ዳግመኛ ወጣች፤ መነኮሰችም። በኋላ በንጉሡ ትእዛዝ ለሦስት ዓመት ወደ ዠበይ በረሃ ተጋዘች፤ ከዚያ ጀምሮ ሰባት ማኅበራትን መሠረተች። ይህ የታወቀ ታሪክ ስለሆነ አልዘገይበትም። የምጨምረው እኅተ ክርስቶስን ብቻ ነው። እሷም ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የወጣች ሴት ነበረች። ጸሐፊው ሁለቱ የተገናኙበትን ቀን ሲተርክ ገና በሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በልባቸው እንዳደረ፣ ከዚያ በፊት እንደሚተዋወቁ ሰዎች እንደሆኑ ይነግረናል። ንግግራቸው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ቀሪውን ዘመን ወለተ ጴጥሮስ እስክታርፍ ድረስ አብረው ኖሩ።