ያብሎንስኪና የብርሃን ደረጃዎች

ሞለኪውል ብርሃንን ውጦ መልሶ ሲሰጥ፣ የሚሰጠው ከዋጠው ጉልበቱ ያነሰ መሆኑን ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 በኪኒን ሙሙት አሳይቶ ነበር፤ ፍሎረሰንስ የሚለውንም ስም ያወጣ እርሱው ነው። ውስጣዊው አሠራር ግን ብዙ ዘመን ጠበቀ።

አሌክሳንደር ያብሎንስኪ በወጣትነቱ በዋርሶ ኦፔራ ቫዮሊን ይጫወት የነበረ ፖላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 እና በ1935 ባሳተማቸው ጽሑፎች ጉዳዩን በሦስት አግድም መስመሮች ገለጠው። ዛሬ ተማሪ በስሙ የሚሥለው ሥዕል መስመሩ የበዛ ነው፤ ጭማሪው የሌሎች ነው። ብርሃን የዋጠ ሞለኪውል ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው ይወጣል፤ ከጉልበቱ ጥቂቱን በሙቀት መልክ ይጥልና፣ ብዙውን ጊዜ በሰኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች ውስጥ፣ የቀረውን በብርሃን ሰጥቶ ይወርዳል። ስቶክስ ያየው ጉድለት ይኸው በመንገድ የቀረ ሙቀት ነው። አንዳንዱ ሞለኪውል ግን በመካከለኛው ደረጃ ይያዛል፤ ከዚያ በቀላሉ አይወርድምና ብርሃኑ ዘግይቶ፣ አልፎ አልፎም ሰኮንዶች ቆይቶ ይወጣል። ፎስፎረሰንስ የሚባለው ይህ ነው። ይህ መካከለኛ ደረጃ ትሪፕሌት መሆኑን ሉዊስና ካሻ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1944 አስረዱ።

በዚያን ጊዜ ያብሎንስኪ በኤዲንበርግ ስደተኛ ነበር። ጦርነቱ ከቪልኒየስ ወንበሩ ነቅሎት፣ በሶቪየት እስር አልፎ ነው እዚያ የደረሰው፤ ስደቱን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1945 አገሩ ሲገባ ቪልኒየስ ከፖላንድ እጅ ወጥታ ነበር። ስለዚህ በቶሩን ከተማ አዲስ በተከፈተው ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍሉን ከመሠረቱ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አረፈ።