የቆመ ድርጅት ዋጋው ስንት ነው? ከወንጂ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

አዲስ ፋብሪካ ለመትከል የሚነሣ ሰው ወጪውን አስቀድሞ ለማስላት እምብዛም አይቸገርም። የመሣሪያው፣ የሕንፃውና የመጓጓዣው ዋጋ ተደምሮ ሒሳቡ ይዘጋል። ሌላው አቁሞ፣ ሠራተኛ አሠልጥኖ፣ ደንበኛ አፍርቶ የሚያንቀሳቅሰውን ድርጅት ለመግዛት ሲታሰብ ግን ጥያቄው ይከብዳል። የሚገዛው ብረቱ ነው ወይስ በብረቱ ዙሪያ የተሰባሰበው ማኅበረ ሰብ? ከአዳማ በስተ ደቡብ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኘው የወንጂ የስኳር ልማት ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ምሳሌ ይሆናል።

የኢትዮጵያ መንግሥት ኤች ቪ ኤ ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል የተዋዋለው በ1943 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው በ1879 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የተመሠረተ ሲሆን በጃቫ ደሴት በሸንኮራ አገዳ እርሻ የረጅም ዘመን ልምድ ነበረው። ኢንዶኔዢያ ነጻነቷን ከተቀዳጀች ወዲህ ግን ሌላ የሥራ ቦታ ይሻ ነበር። በወንጂ የተሰጠው መሬት 5,000 ሄክታር ያህል ሲሆን ረግረግ የበዛበትና የወባ መናኸሪያ ነበር። ፋብሪካው መጋቢት 11 ቀን 1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ ከስምንት ዓመት በኋላም የሸዋ ፋብሪካ በአጠገቡ ተተከለ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውና ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ፍሰት አስተካከለ። ግድቡ የኩባንያው ንብረት አልነበረም፤ ጥቅሙ ግን ከግድቡ በታች ላለው እርሻ ደረሰ።

የወንጂን ሀብት በመሣሪያው ብቻ መገመት የማይቻልበት ምክንያት ከአገዳው ጠባይ ይጀምራል። አገዳ ተተክሎ ለመጀመሪያው ቆረጣ እስኪደርስ ከአንድ ዓመት ተኩል ያላነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ተካዩ፣ ውሃ አጠጪው፣ ቆራጩ፣ ሾፌሩና የፋብሪካው ቴክኒሺያን እንደ አንድ አካል ካልተንቀሳቀሱ ወፍጮው ዋጋ ቢስ ብረት ይሆናል። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ለሥራ የመጡት በርካታ ሰዎች ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው ይህን ልማድ በዓመታት ብዛት ገነቡት። የራሳቸውንም የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አቶ አበራ ገሙ ከወንጂ የወጡ ነበሩ።

ሕጉም ይህን ዓይነት ሀብት ያውቀው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ንግድ መደብር ሲደነግግ፣ የመልካም ዝና ዋጋ በነጋዴውና ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ይፈልጋሉ ተብለው በሚገመቱ ሰዎች መካከል እንደሚኖረው ግንኙነት ከፍና ዝቅ እንደሚል አስቀምጧል። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ቋሚ ንብረቱ 10 ሚሊዮን ብር የሚገመት ድርጅት በዓመት 2 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ ያስገኛል እንበል። ገዥው ከገንዘቡ በዓመት 12.5 በመቶ የሚሻ ከሆነ ድርጅቱን በ16 ሚሊዮን ብር ሊገዛው ይችላል። ከንብረቱ በላይ ያለው 6 ሚሊዮን ብር የሰዎቹ ልምድና ግንኙነት ዋጋ ነው። ከግዢው በኋላ ሰዎቹ ቢበተኑ ግን ይህ ገንዘብ አብሯቸው ይሄዳል።

ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ድርጅቶችን ሲወርስ የስኳር ፋብሪካዎቹም በመንግሥት እጅ ገቡ። የካሣ ኮሚሽንም ተቋቋመ። በዚህ ጊዜ የተነሣው የዋጋ ክርክር ምን ያህል ሰፊ እንደነበር የካላማዙ ቅመማ ቅመም አጣሪ ኩባንያ ጉዳይ ያሳያል። ይህ የአሜሪካ ኩባንያ በኢትዮጵያ ከነበረው ድርጅት 80 በመቶ ያህል ድርሻ ነበረው፤ በውርሱ ምክንያት ድርሻው ወደ 39 በመቶ ገደማ ወረደ። ኩባንያው 11 ሚሊዮን ዶላር ሲጠይቅ የቀረበለት በኢትዮጵያ ገንዘብ የሚከፈል፣ ከ450,000 ዶላር ጋር የሚስተካከል ካሣ ነበር። ልዩነቱ ከ24 እጥፍ በላይ ነው። ክርክሩ በ1984 እ.ኤ.አ. እስከ አሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደርሷል። በቀጣዩ ዓመት ኢትዮጵያ ለአሜሪካውያን ባለንብረቶች በጠቅላላው 7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ሻጭ የወደፊቱን ትርፍ፣ ወሳጅ የመዝገቡን ቀሪ ሒሳብ ይዞ ሲቀርብ ሁለቱ መገናኛ አያገኙም።

ሚዛኑ እንዲሟላ ግን በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳም መታሰብ አለበት። የወንጂ ሜዳ ከእርሻው በፊት የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ነበር። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ደግሞ የጉድጓዱን ውሃ ለዓመታት የጠጡትን ሠራተኞችና ልጆቻቸውን ጥርስ አበላሸ፤ የአንዳንዶቹንም አጥንት ጎዳ። የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈቅደው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ዕዳ ሳይቆጥር የሚገዛ ሰው ጉዳቱንም አብሮ ይረከባል።

በ2005 ዓ.ም. ገደማ አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ወፍጮዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት አገልግሎት በኋላ ቆመው፣ በዶዶታ በቀን 6,250 ቶን አገዳ የሚጨምቅ አዲስ ፋብሪካ ተተካ። ብረቱ ተቀየረ፤ እርሻው፣ ሙያውና ስሙ ግን ቀጠሉ። መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. ከሰምና ተንዳሆን ጨምሮ ስምንት የስኳር ፋብሪካዎችን ለመሸጥ ባለሀብቶችን ሲጋብዝ ጥያቄው እንደገና ተነሥቷል። እንዲህ ላለው ግምት የሚሰየም መሐንዲስና ሒሳብ ዐዋቂ መሣሪያውን በመተኪያ ዋጋው፣ ሰዎቹ በኅብረት የሚያስገኙትን ትርፍ በሚጸናበት ዘመን ልክ ማስላት፣ ከድምሩም የመሬቱን፣ የውሃውንና የጤናውን ዕዳ መቀነስ ይኖርበታል። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ደግሞ አገዳ ቆራጮቹና ቴክኒሺያኖቹ በሚቀጥለው የምርት ወቅት በሥራቸው ላይ ይገኙ እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባዋል።