ወደ ምዕራብ ያልደረሰው ሐዲድ

የባቡር ታሪክ ሲነሣ አብዛኛዎቻችን ጅቡቲን፣ ድሬዳዋንና ለገሃርን እናስባለን። ወለጋን የሚያስብ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ወለጋ ሐዲድ የለም። በወለጋ ከተሞች «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወፍጮ ቤቱን ነው። ታዲያ በሌለ ባቡር ላይ ምን ታሪክ ይጻፋል? ትሉ ይሆናል። ይጻፋል እንጂ! ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሐዲድ ከመቶ ሠላሳ ዓመት ወዲህ ደጋግሞ በወረቀት ላይ ተሠምሯል። የሚያሠምረው እጅ ይለዋወጣል፤ ዓላማውም እንዲሁ። በወረቀት የቀረ ሐዲድም ቢሆን ሥራ ይሠራል፤ ንግድን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ሌላው እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህ ጽሑፍ የሚለው ይህንኑ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአድዋ በፊት ነው። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ከኢልግ ጋር አብሮ የሠራው ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኔ ነበር። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ከፋን ይዞ እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ ላይ እንዲቆም የታሰበ አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ሀብት ብዙው የሚመጣው ከደቡብና ከምዕራብ ነው። የለቃው ገዥ ኩምሳ ሞሮዳ (በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር) ወደ ሸዋ የሚልኩት ግብር ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ዝባዱና ቡናውም ከዚያው አገር ይወጣል። ስለዚህ ሦስተኛው ክፍል ጌጥ ሳይሆን የነገሩ ቁም ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ደርሶም ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ሲያስገባ ደግሞ ምኒልክ ተቆጡ፤ ፈቃድ የሰጡት ለኩባንያ እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረምና። ሐረር ራሷ በውሉ ስሟ ተጠርቶ ሳለ ሐዲዱ ተራራውን መውጣት ፈርቶ በሥሯ በቆላው አለፈ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ በዚህ ተወለደች። አንድ መሐንዲስ በካርታ ላይ እርሳሱን ትንሽ ወደ ጎን ሲያዞር አንዱ ከተማ ይነሣል፣ ሌላው ያዘነብላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ምዕራቡ እንሂድ። ሐዲዱ ገና ድሬዳዋ ሳይደርስ፣ በግንቦት 1894፣ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራርመው ነበር። በውሉ መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ አገኙ፤ በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ጋምቤላ የበቀለችው ከዚህ ነው። በዚሁ ውል ላይ ሱዳንን ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ላይ የመዘርጋት መብትም ተጨምሯል። ሁለተኛው የወረቀት ሐዲድ ይኸውላችሁ!

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። በታህሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ። የምኒልክ ጤና መታወክ የጀመረበት ወቅት ነው። የጅቡቲውን ባቡር እስከ አዲስ አበባ ለፈረንሳይ ተዉላት። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የውጭ እርዳታ የሚያስፈልገው ሐዲድ ሁሉ በእንግሊዝ በኩል እንዲሆን ተስማሙ። ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኩል ለማገናኘት ያላት ፍላጎት ታወቀላት። እንዴት ነው ነገሩ? ባለቤቱ ሳይጠየቅ ቤቱን ለሦስት ተካፈሉት እኮ! ምኒልክ ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ ስምምነቱ ግን ሥልጣናቸውን እንደማይነካ በጨዋ ቋንቋ መለሱላቸው።

መልሱ ጥሩ ነበር፤ የወረቀቱ ሥራ ግን አልቀረም። በጥር 1900 ለአዲሱ ኩባንያ ሌላ ፈቃድ ሲሰጥ የኩባንያው ስም ራሱ «ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ» የሚል ሆነ። ነጭ ዓባይ የሚባለው ክፍል ከስሙ ጠፋ። ሐዲዱ በ1909 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። ፈረንሳዊ ቃል የነበረው «ላ ጋር»ም ለገሃር ተብሎ የሰፈር ስም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ወደ አምቦና ወደ ነቀምት አንድም ፉርጎ አልተንቀሳቀሰም። ፈረንሳይ መሥራት አልተፈቀደላትም፤ እንግሊዝ መብቱን ይዛ አልሠራችም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

እንግሊዝ ለምን አልሠራችም? ምክንያቱን በካርታ ላይ ማየት ይቻላል። የሱዳን ባቡር በ1892 ካርቱም ደጃፍ ደርሷል። በ1898 ደግሞ ከአትባራ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው መስመር ተከፈተ። ጋምቤላና ካርቱም በእንፋሎት መርከብ ተገናኙ። እንግዲህ የደምቢ ዶሎ (የያኔው ሰዮ) ቡና ሐዲድ ሳይሠራለትም ወደ እንግሊዝ ባቡር ይሄዳል። በአጋሰስ ተጭኖ ቁልቁል ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ በመርከብ ካርቱም፣ ከካርቱም በባቡር ወደብ። የወለጋ ቡና ባቡር ተሳፍሯል ማለት ነው፤ የተሳፈረው ግን በሰው አገር ነው።

ይህ መንገድ ለነጋዴው ቀላል አልነበረም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። በዚያው ክረምት ግን የደጋው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ወንዙም አያሻግርም። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ዝናቡን ይጠብቃል። ቆላው ደግሞ የገንዲ አገር ነው፤ በቅሎውንና ፈረሱን ይፈጃል። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ ቀረጥ ይከፈላል። ይህን ሁሉ ኪሣራ በመጨረሻ የሚሸከመው ማነው? ቡናውን የለቀመው ገበሬ ነዋ! ባቡር የሌለበት አገር ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የምዕራቡ ሐዲድ ዓለም አቀፍ ጭቅጭቅ የሆነው በ1918 ነው። በዚያ ዓመት በታህሣሥ እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ትደግፋለች፤ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚያገናኝ ባቡር እንድትሠራ እንግሊዝ ትደግፋለች። አሁንም ባለቤቱ አልተጠየቀም። ዘመኑ ግን ተለውጧል፤ ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆናለች። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በሰኔ 1918 ለማኅበሩ አቤት አሉ። ሁለቱ መንግሥታትም ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው ለመግለጽ ተገደዱ። ከወለጋ ምድር አንድ ጋት ሐዲድ ሳይነጠፍ፣ ሐዲዱ ጄኔቭ ደርሶ ተከራከሩበት! ትንሽ አገር በወረቀት የመጣባትን በወረቀት የመለሰችበት ጊዜ ስለሆነ ሊታወስ ይገባዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው በአጭሩ ይነገራል። ጣሊያን በጦር ሲመጣ ወደ ምዕራብ የዘረጋው የመኪና መንገድ እንጂ ሐዲድ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ የበቅሎውን ቦታ የጭነት መኪና ወሰደው፤ የነቀምትና የጊምቢ ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ኪራይ ጊዜው አለቀና በ1949 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የጋምቤላ ንግድ ድሮ የነበረውን ያህል አልሆነም።

የመጨረሻው መሥመር የኛው ነው። በ2003 ግድም የወጣው የብሔራዊ ባቡር ዕቅድ ወደ 5000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ያስባል። አንዱ መስመር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኢጃጂ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ጅማ፣ ሌላው በነቀምት በኩል ወደ አሶሳና ኩርሙክ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ። የነቀምቱ ግን ከካርታ አልወረደም። መሬቱ ቀላል አይደለም፤ ወደ ጊቤ ተፋሰስ ወርዶ እንደገና ነቀምት መውጣት፣ ከነቀምት ደግሞ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ መውረድ አለ። ባቡር በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ መውጣት ያቅተዋል። ዋሻና ድልድይ ይፈልጋል፤ ያ ማለት ገንዘብ ነው። ሆኖም የጅቡቲውም ሐዲድ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወጥቷል። ተራራ ያዘገያል እንጂ ብቻውን አይከለክልም።

እንግዲህ የአራቱንም ዘመን መስመሮች ደርድረን ስናያቸው አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ነጭ ዓባይ፣ ኡጋንዳ፣ ሶማሊያ፣ ኩርሙክ፤ ሁሉም ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ናቸው። ነቀምትን መድረሻ ያደረገ አንድም የለም። የመጨረሻው ከቀደሙት የሚለየው በአገር ልጅ እጅ መሠመሩ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። መሐንዲስነትንም ኢኮኖሚክስንም የምንማር ሰዎች እርሳሱ አንድ ቀን እጃችን ላይ መውደቁ አይቀርም። የሐረርና የድሬዳዋን ነገር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሐዲዱ የት ይደርሳል ከማለት በፊት፣ ነቀምት ላይ ሲቆም ማን ምን ይጭንበታል? ጊምቢ ያለው ገበሬ ለአንድ ፈረሱላ ቡናው ስንት ይተርፈዋል? ይህ ጥያቄ በ1886 አልተጠየቀም፤ በ1899ም፣ በ1918ም አልተጠየቀም። እስኪ አሁን እንኳ እንጠይቀው።