አክተሩ ሚኒስትሩን ሲጠይቅ

የሕንድ ፊልም ማለት ዘፈን፣ ዕንባና ድብድብ ነው ብለው የሚንቁ ሰዎች በነቀምቴም በአዲስ አበባም አጋጥመውኛል። እኔ በልጅነቴ በነቀምቴ ቪዲዮ ቤቶች ካየሁት ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው ግን ፖለቲካውን ነው። የ1997ቱ የምርጫ ክርክር በቴሌቪዥን ከመተላለፉ በፊት፣ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ፊት ለፊት ተጠይቆ መልስ ሲያጣ ያየሁት እዚያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን በተቀመጥንበት ጨለማ ክፍል ነው።

ፊልሙ «ናያክ» ይባላል። ኤስ. ሻንካር ቀድሞ በታሚል ቋንቋ የሠራውን ታሪክ በ1993 ዓ.ም. ማለቂያ በሂንዲ አወጣው። አኒል ካፑር የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ አምሪሽ ፑሪ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ዋና ሚኒስትር። ጋዜጠኛው በከተማው ስለተነሳው ሁከት በጥያቄ ሲያፋጥጠው፣ ሚኒስትሩ በንዴት ለአንድ ቀን ወንበሩን ይዞ እንዲሞክረው ይጋብዘዋል። ይሞክረዋልም። ሙሰኞችን ከሥራ ሲያግድ ውሎ በመጨረሻ ሚኒስትሩን ራሱን ያሳስራል። ፊልሙ በሂንዲ፣ ክርክራችን በኦሮምኛ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ርዕስ በአማርኛ ነበር። ንግግሩን ባንሰማም የአምሪሽ ፑሪን ዓይኖች አይተን ነገሩ እንደከረረበት እናውቅ ነበር። (ጋዜጠኝነት ስማር ቃለ መጠይቅ እንደዚያ እንደማይደረግ ተነግሮኛል።)

«ኢንቂላብ» ግን ሌላ ነው። በ1976 ቲ. ራማ ራዎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም አሚታብ ባችቻንን ከፖሊስነት አንስቶ ዋና ሚኒስትር ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ አሚታብ በስብሰባ የተቀመጡትን ሙሰኛ ሚኒስትሮቹን በመትረየስ ይፈጃቸዋል። እኛ ልጆቹ አጨበጨብን። ከኋላ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዝም ብለው ወጡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን፣ ከነዚያም መካከል የቀድሞ ሚኒስትሮችን፣ ያለ ፍርድ መረሸኑን ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ለሳቸው ያ ፊልም አልነበረም። አሚታብ ራሱ በ1977 ለሕንድ ፓርላማ ተመርጦ በ1979 ለቀቀ፤ እውነተኛው ወንበር እንደ ፊልሙ አልተመቸውም።

ያ 1967 ለሕንዶችም ክፉ ዓመት ነበር። ሰኔ 18 ቀን ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። በዚያው ዓመት የካቲት ለእይታ የበቃው የጉልዛር «አንዲ»፣ ሱቺትራ ሴን የምትጫወታት ፖለቲከኛ ኢንድራን ትመስላለች ተብሎ ታገደ። የአምሪት ናሃታ «ኪሳ ኩርሲ ካ» (የወንበር ወሬ እንደማለት) የባሰ ደረሰበት። ናሃታ ራሱ የኢንድራ ፓርቲ የፓርላማ አባል ነበር። ሆኖም ፊልሙ ከሳንሱር ቢሮ ሳይወጣ ተወስዶ ኔጋቲቩ ሳይቀር ተቃጠለ።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ አገሮች መንገድ የሚለያየው። በ1969 መጋቢት፣ እኛ ወደ ቀይ ሽብር ስንገባ፣ ሕንዶች ድምፅ ሰጥተው ኢንድራን አወረዱ። ናሃታ ፊልሙን በ1970 እንደገና ሠራ። የኢንድራ ልጅ ሳንጃይና የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ሹክላ በፊልሙ መቃጠል ተከሰው በ1971 ተፈረደባቸው፤ በማግስቱ ዓመት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው።

«ኪሳ ኩርሲ ካ» በነቀምቴ ቪዲዮ ቤቶች ሲታይ አልገጠመኝም። ሻባና አዝሚ የምትጫወታት ሴት ስሟ «ጃንታ» ነው፤ ሕዝብ ማለት ነው። ዲዳ ስለሆነች እኛም ያለ አስተርጓሚ እንከታተላት ነበር።